ከለንደን ሮም ርቀቱ ስንት ነው? በረራውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከአዲስ አበባ ዳርቻ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች እንመልሳለን። ሦስቱም በአውሮፓ ከተሞች መካከል ስላለው ርቀትና የጉዞ ጊዜ የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ልጄ ለንደን ትኖራለች፤ የባለቤቴ ታናሽ እኅት ደግሞ ሮም ናት። ባለቤቴ በግንቦት ወር ወደ ሮም ሄዳ እኅቷ ዘንድ ጥቂት ቀናት ከቆየች በኋላ ልጃችን ከለንደን መጥታ እናቷን ይዛ ትመለሳለች። ይህን ስናቅድ በቤታችን ክርክር ተነሣ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሹ ልጄ በግድግዳ ካርታችን ላይ በማስመሪያ ለክቶ ከለንደን ሮም 2,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አለ። በስልክ ስንፈልግ አንዱ ቦታ 1,430፣ ሌላው 1,850 ኪሎ ሜትር ይላል። የበረራው ሰዓት ከዚህም የባሰ ግራ ያጋባል። ልጄ በላከችልን ትኬት ላይ ከለንደን 07:30 ተነሥታ ሮም 11:05 እንደምትደርስ ተጽፏል፤ ይህ 3 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው። ሲመለሱ ግን ከሮም 12:00 ተነሥተው ለንደን 13:50 ይደርሳሉ፤ ይህ ደግሞ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ብቻ ነው። የመሄጃው ጊዜ የመመለሻው እጥፍ ሊሆን የቻለው እንዴት ነው? ባለቤቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ስንት ሰዓት ተቀምጣ እንደምትጓዝ በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በስልክ ያገኟቸው ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚለኩት ነገር ግን የተለያየ ነው። 1,430 ኪሎ ሜትር የሚለው ከለንደን መሐል እስከ ሮም መሐል በምድር ሉል ገጽ ላይ ሊሰመር የሚችለው አጭሩ መስመር ርዝመት ነው። ተራራውም ባሕሩም ሳይቆጠር፣ መንገድ መኖር አለመኖሩ ሳይጠየቅ የሚለካ ርቀት በመሆኑ ለአውሮፕላን ጉዞ መነሻ ሆኖ የሚያገለግለው ይኸው ነው። 1,850 ኪሎ ሜትር የሚለው ደግሞ በመኪና የሚኬድበት መንገድ ነው፤ መኪናው በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን የባሕር ሰርጥ በዋሻው ባቡር ላይ ተጭኖ ወይም በመርከብ ተሻግሮ፣ ፈረንሳይን አቋርጦ፣ የአልፕስን ተራሮች አልፎ ወደ ጣሊያን ይወርዳል። ተራራና ባሕር ያለበት መንገድ መጠምዘዙ ስለማይቀር በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የ400 ኪሎ ሜትር ያህል ልዩነት መኖሩ አያስገርምም።

የልጅዎ የማስመሪያ ልክ በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑን እናምናለን፤ ጉድለቱ ያለው በልጁ ሳይሆን በካርታው ነው። በትምህርት ቤቶችና በቤቶች ግድግዳ ላይ ከሚሰቀሉ የዓለም ካርታዎች ብዙዎቹ ጌራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ባወጣው ስልት የተሣሉ ናቸው። ይህ ስልት የተዘጋጀው መርከበኞች አቅጣጫቸውን ሳይስቱ በቀጥታ መስመር እንዲጓዙ ለመርዳት ሲሆን፣ አቅጣጫን በትክክል ለማሳየት ሲል መጠንን ይለጥጣል። ከምድር ወገብ እየራቅን በሄድን ቁጥር መለጠጡ ይጨምራል። በሮም ኬክሮስ ላይ ያለ ርቀት በካርታው ላይ ከእውነተኛው 1.3 እጥፍ ገደማ፣ በለንደን ኬክሮስ ላይ ያለው ደግሞ 1.6 እጥፍ ገደማ ሆኖ ይታያል። በመሆኑም በካርታው ግርጌ ያለው መለኪያ ለምድር ወገብ የተሰጠ ከሆነ በሁለቱ ከተሞች መካከል በማስመሪያ የሚገኘው ርቀት በእርግጥም 2,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጅዎ በትምህርት ቤቱ ሉል ካለ በሉሉ ላይ ክር ወጥሮ እንዲለካ ቢያበረታቱት ለ1,430 የቀረበ መልስ ያገኛል፤ እንዲህ ያለውን ነገር በገዛ እጁ ለክቶ የሚከራከር ተማሪ ሊበረታታ ይገባዋል።

አውሮፕላን የሚነሣው ከከተማ መሐል ስላልሆነ 1,430 ራሱ እንደ አየር ማረፊያው በመጠኑ ይለወጣል። ከለንደኑ ሂትሮው እስከ ሮሙ ፊውሚቺኖ 1,440 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ አሥር ኪሎ ሜትር ለበረራው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የአየር ማረፊያው ማንነት ግን በምድር ላይ ባለው ጉዞ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሂትሮው ከለንደን መሐል በስተምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ፣ ጋትዊክ በስተደቡብ 45 ኪሎ ሜትር፣ ስታንስተድ በስተሰሜን ምሥራቅ ከ60 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ይርቃሉ። በሮምም ፊውሚቺኖ ከመሐል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲርቅ፣ ቻምፒኖ የርቀቱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በትኬቱ ላይ «ለንደን» የሚለውን ብቻ አይመልከቱ፤ ከጎኑ በሦስት የላቲን ፊደላት የተጻፈውን የአየር ማረፊያ መለያ ልጅዎ እንድታረጋግጥ ያድርጉ። መሄጃው በአንዱ አየር ማረፊያ፣ መመለሻው በሌላው የሆነ ትኬት ጥቂት አይደለም።

አጭሩ የሉል መስመር ሌላም ጥቅም አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ደንብ ቁጥር 261 መሠረት በረራቸው በአየር መንገዱ ጥፋት የተሰረዘባቸው ወይም ከ3 ሰዓት በላይ ዘግይተው የደረሱ መንገደኞች ካሣ የማግኘት መብት አላቸው፤ የካሣው መጠንም በርቀቱ ይወሰናል። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ድረስ 250 ዩሮ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እስከ 3,500 ኪሎ ሜትር 400 ዩሮ ነው። ደንቡ ርቀቱ በዚሁ በሉሉ አጭር መስመር እንዲለካ በግልጽ ስለሚያዝዝ የለንደንና የሮም በረራ ከ1,500 በታች ካለው ወገን ይመደባል። ብሪታንያም ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ ይህንኑ ደንብ በራሷ ሕግ ይዛ በመቀጠሏ ከለንደን ለሚነሣ ለዚህ ርቀት በረራ የተቀመጠው ካሣ 220 ፓውንድ ነው። እንደ ከባድ የአየር ጠባይ ያለ፣ አየር መንገዱ ሊከላከለው የማይችለው ምክንያት ሲያጋጥም ካሣው አይከፈልም። ይሁንና መንገደኛው በሚጠብቅበት ጊዜ ምግብና መጠጥ፣ ማደር ግድ ከሆነበትም ማደሪያ የማግኘት መብቱ አይቀርም። መንገደኞች ይህን ባለማወቅ ብቻ መብታቸው እንዳይቀርባቸው በጽኑ እንመክራለን።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ የመነሻው ከተማ ለመነሻ፣ የመድረሻው ከተማ ለመድረሻ ነው። የሮም ሰዓት ከለንደን ሰዓት አንድ ሰዓት ይቀድማል። ሁለቱም አገሮች በበጋቸው ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት የሚገፉትም ሆነ መልሰው የሚያዘገዩት በተመሳሳይ ቅጽበት ስለሆነ ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ስለዚህ ከለንደን ወደ ሮም ሲሄዱ ከሚታየው 3 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ላይ አንድ ሰዓት ይቀንሱ፤ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይሆናል። ከሮም ወደ ለንደን ሲመለሱ ደግሞ በ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ላይ አንድ ሰዓት ይጨምሩ፤ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያገኛሉ። እጥፍ የመሰለው ልዩነት ወደ 15 ደቂቃ ወርዶ ያርፋል ማለት ነው፤ ይህች 15 ደቂቃ በአብዛኛው የነፋስ ጉዳይ ስለሆነች በሚቀጥለው ጥያቄ በሰፊው እንመለስባታለን።

ከመደመርና ከመቀነስ ይልቅ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀለው ሁሉንም ወደ አዲስ አበባ ሰዓት መመለስ ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በወቅት ስለማትቀያይር አስተማማኝ መለኪያ ትሆነናለች። በግንቦት አዲስ አበባ ለንደንን በ2 ሰዓት፣ ሮምን በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ልጅዎ ከለንደን በ07:30 ስትነሣ በእርስዎ ቤት 09:30፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3:30 ነው። ሮም በ11:05 ስትደርስ በእርስዎ ቤት 12:05፣ ማለትም ከቀኑ 6:05 ይሆናል። ከ3:30 እስከ 6:05 ያለውን ቢቆጥሩት 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው። በመመለሻውም እናትና ልጅ ከሮም ሲነሡ በእኛ ከቀኑ 7:00፣ ለንደን ሲደርሱ 9:50 ይላል። በአውሮፓ ክረምት ግን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ሰዓታቸው በጥቅምት አጋማሽ አልፎ ወደኋላ ሲመለስ ለንደን ከእኛ በ3 ሰዓት፣ ሮም በ2 ሰዓት ትዘገያለች። ዳግመኛ ወደፊት የሚገፋው በመጋቢት 16 እና 22 መካከል በሚውለው እሑድ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ዘመድ ለመቀበል ወይም ስልክ ለመደወል የሚያስብ ሰው ሰዓቱን እንደገና ማስላት አለበት።

አንባቢ እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። የመንገደኛ ጄት አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 840 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል፤ 1,440ን ለ840 ስናካፍል 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ይመጣል፤ ታዲያ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃው ከየት መጣ? መልሱ በትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ብቻ አለመሆኑ ነው። አየር መንገዶች የሚቆጥሩት አውሮፕላኑ ከመሳፈሪያው በር ተገፍቶ ከሚወጣበት ቅጽበት አንሥቶ በመድረሻው በር ቆሞ እስከሚታሰርበት ድረስ ያለውን ነው። እንደ ሂትሮው ባለ ሁለት ማኮብኮቢያ ብቻ ይዞ በዓለም እጅግ ከሚጨናነቁት አንዱ በሆነ አየር ማረፊያ ከበሩ እስከ ማኮብኮቢያው ለመድረስና ተራ ለመጠበቅ ብቻ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ 10 ወይም 11 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ እስኪደርስ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከመድረሱ በፊትም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ፍጥነቱን እየቀነሰ መውረድ ይጀምራል። መንገዱም ቢሆን እንደ ክር የቀና አይደለም፤ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ለጦር ኃይል የተከለለውን ሰማይ እያስቀሩ፣ አንዱን ከሌላው እያራራቁ ስለሚመሩት በጥቂቱ ይረዝማል። ወደ ሂትሮው የሚመጡ አውሮፕላኖች ማረፊያው ሲጣበብ ቢጊን፣ ላምበርን፣ ቦቪንግደንና ኦክሃም በሚባሉ አራት የመጠበቂያ ቦታዎች ላይ እየዞሩ ተራቸው እስኪደርስ ይቆያሉ። አየር መንገዶች ይህን ሁሉ አስቀድመው ገምተው በሰሌዳው ላይ ስለሚጨምሩት አንዳንድ ቀን አብራሪው «ከሰዓታችን ቀድመን ደርሰናል» ሲል ይሰማል።

የባለቤትዎን ጉልበት በተመለከተ እንግዲህ እውነተኛው መልስ ይህ ነው፦ ከሮም ወደ ለንደን በአውሮፕላኑ ውስጥ የምትቆየው ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ተነሥታ በመተላለፊያው መራመድ የምትችለው የወንበር ቀበቶ እንዲፈታ በሚፈቀድበት በመሐል ባለው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ነው። ይበልጥ ሊያደክማት የሚችለው ግን በረራው ሳይሆን በአየር ማረፊያው ውስጥ ያለው የእግር ጉዞና ሰልፍ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ በብሪታንያም ሕግ እንዲሁ፣ ለመራመድ የሚቸገር መንገደኛ ያለ ምንም ክፍያ በዊልቸር የመረዳት መብት አለው። እርዳታው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ እንዲነገር ያስፈልጋል። ልጅዎ ትኬቱን ስትቆርጥ ይህን እንድትጠይቅላት አደራ እንላለን፤ ብዙ እናቶች «ሰው አላስቸግርም» እያሉ ሳይጠይቁ ቀርተው በረዥሙ ኮሪደር ይሰቃያሉ።

ከቤት እስከ ቤት ያለው ጉዞ ከሰሌዳው ሰዓት በእጅጉ ይበልጣል። ከቱሉ ዲምቱ መስቀል አደባባይ ያለው ኪሎ ሜትር ሰኞ ጠዋትም እሑድ ጠዋትም አንድ ሆኖ ሳለ የሚፈጀው ጊዜ ግን ፈጽሞ እንደማይገናኝ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። ልጅዎ ከቤቷ ወጥታ አየር ማረፊያ እስክትደርስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከበረራው 2 ሰዓት ቀድማ ለመገኘት፣ ከዚያ በረራው፣ ከዚያም የፓስፖርት ሰልፍና ሻንጣ፣ በመጨረሻም ከፊውሚቺኖ እስከ ሮም ተርሚኒ ጣቢያ ያለማቋረጥ በሚሄደው ባቡር 32 ደቂቃ ስንደምር ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ብሪታንያ በመካከላቸው የፓስፖርት ምርመራ ያስቀሩት የአውሮፓ አገሮች ስብስብ የሆነው የሼንገን አባል ስላልሆነች በለንደንና በሮም መካከል የፓስፖርት ምርመራ የግድ ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ የሼንገን አገሮች የአባል አገሮች ዜጋ ያልሆነውን፣ ለአጭር ጊዜ የሚመጣውን ጎብኚ ሁሉ አሻራና ፎቶግራፍ መመዝገብ ጀምረዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመዘገብ ሰው ሰልፉ ረዘም ሊልበት ይችላል።

ስለ ጉዞው አጠቃላይ አቅጣጫ አንድ የሚያስደስት ነገር እንጨምር። ከአዲስ አበባ ሮም በአየር 4,480 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሮም ለንደን 1,440። ሁለቱን ስንደምር 5,920 ይመጣል። ከአዲስ አበባ ለንደን በቀጥታ የሚለካው ርቀት ደግሞ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ከዚህ ያንሳል። ሮም በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው አጭር መስመር ላይ የተቀመጠች ያህል ናት፤ ባለቤትዎ እኅቷን ለመጎብኘት ብላ በርቀት ረገድ የምታጣው ነገር የለም። በጊዜ ረገድ ግን ቀጥታው በረራ 8 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በሮም በኩል የሚደረገው ከ6 ሰዓት የሚበልጥ በረራ ላይ ሌላ ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋ ይጨመርበታል። ለሚያማት ጉልበት ጉዞው በሁለት መከፈሉ፣ መሐል ላይም ጥቂት ቀናት ማረፏ ይልቅ ይበጃል ብለን እናስባለን።

ለሮም የሼንገን፣ ለለንደን ደግሞ የብሪታንያ ቪዛ ለየብቻ ያስፈልጋታል። ወደ አገሯ ስትመለስ እንደገና በሮም በኩል የምትመጣና የምትገባ ከሆነ የሼንገን ቪዛዋ ከአንድ ጊዜ በላይ መግባት የሚፈቅድ መሆን አለበት፤ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ለንደን በሄደችበት ዕለት ያበቃለታል። መመለሻዋን ከለንደን በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ካደረጋችሁት ግን ይህ ችግር አይነሣም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቡራዩ ነው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከሊዝበን ወደ አቴንስ የሚደረገው በረራ ከአቴንስ ወደ ሊዝበን ከሚደረገው ያነሰ ጊዜ እንደሚወስድ ተምረናል። ጓደኞቼ ምክንያቱ የምድር መዞር ነው ይላሉ። ምድር ወደ ምሥራቅ የምትዞር ከሆነ ግን ወደ ምዕራብ የሚበረው አውሮፕላን ቶሎ መድረስ አልነበረበትም?

መልስ፦ ልጃችን፣ በመጨረሻ ያቀረብሽው ጥያቄ ራሱ የጓደኞችሽን ሐሳብ ለመፈተን ይበቃል። ምድር በዛቢያዋ ስትዞር የሊዝበንና የአቴንስ አካባቢ ምድር በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። አውሮፕላኑ ከምድር ሲለቅ ይህን እንቅስቃሴ የሚያጣ ቢሆን ኖሮ በሰዓት 840 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ የሚበረው አውሮፕላን ከፊቱ የምትሸሸውን አቴንስን ፈጽሞ አይደርስባትም ነበር። የሚሆነው ግን እንዲያ አይደለም። አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ሳለ የምድርን ዙረት ይዟል፤ የሚበርበት አየርም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል። ስለዚህ የበረራውን ጊዜ የሚወስነው አየሩ ከምድሩ አንጻር የሚያደርገው ተጨማሪ እንቅስቃሴ፣ ማለትም ነፋሱ ነው።

በአውሮፓ ሰማይ ላይ ከ9 እስከ 12 ሺህ ሜትር ከፍታ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት በዚያው ንብርብር፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብና ብርቱ የነፋስ ጅረት አለ። የሚፈጠረው በሞቃቱ የደቡብ አየርና በቀዝቃዛው የሰሜን አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት በአውሮፓ ክረምት ስለሚሰፋ ነፋሱም ያን ጊዜ ይበረታል፤ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ማለፉ የተለመደ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው ግን በምድር መዞር ምክንያት በመሆኑ ጓደኞችሽ ከእውነቱ ፈጽሞ አልራቁም፤ ምድር አውሮፕላኑን በቀጥታ አታዘገየውም፣ ነፋሱን ግን አቅጣጫ ታስይዘዋለች።

እስቲ በቁጥር እንየው። ከሊዝበን አቴንስ 2,870 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነፋስ ባይኖር በ840 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 3 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይፈጃል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ቢገፋው የምድር ፍጥነቱ 920 ሆኖ በ3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ይደርሳል። ያው ነፋስ ከፊት ቢገጥመው ፍጥነቱ ወደ 760 ወርዶ 3 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይወስድበታል። መውጫውንና መውረጃውን ሳንቆጥር የሁለቱ ልዩነት 40 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። ልብ ብለሽ ከተመለከትሽ ነፋሱ ሲረዳው ያተረፈው 18 ደቂቃ ሲሆን ሲቃወመው የከሰረው 22 ደቂቃ ነው። አውሮፕላኑ በተቃራኒው ነፋስ ውስጥ የሚቆየው ለረዘመ ጊዜ በመሆኑ በደርሶ መልስ ጉዞ ትርፉ ኪሣራውን ምንጊዜም አይሸፍነውም።

የለንደንና የሮም ልዩነት 15 ደቂቃ ብቻ የሆነው መንገዱ አጭር ከመሆኑም በላይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያዘነብል በመሆኑ፣ የምዕራቡ ነፋስ በቀጥታ ከኋላ ሳይሆን በከፊል ከጎን ስለሚመታው ነው። የበረራ ሰሌዳ አግኝተሽ ስታነጻጽሪ አቴንስ ሊዝበንን በ2 ሰዓት እንደምትቀድም አትርሺ፤ ያን ካላስተካከልሽ የነፋሱን ልዩነት አታገኚውም።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ነዋሪ ነኝ። ለሥልጠና ለንደን ከሰነበትኩ በኋላ ለሁለት ቀን ፓሪስ መሄድ እፈልጋለሁ። አውሮፕላን ይሻለኛል ወይስ ባቡር? ባቡሩ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ በረራው ግን አንድ ሰዓት ከሩብ እንደሆነ ይነገራል።

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በዚህ መንገድ ላይ ባቡሩን ያለ ማመንታት እንመርጥልዎታለን። ለንደንና ፓሪስ በቀጥታ መስመር 340 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይራራቃሉ። ለእንዲህ ያለ አጭር ርቀት አውሮፕላን ፍጥነቱን የሚጠቀምበት ጊዜ አያገኝም፤ ከፍታውን በወጉ ሳይዝ መውረድ ይጀምራል። በአየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት በታች ሲሆን የቀረው በማኮብኮቢያና በበር ላይ የሚያልፍ ነው። ከዚያ ላይ ከለንደን መሐል እስከ አየር ማረፊያው፣ ከፓሪሱ ሻርል ደ ጎል እስከ ከተማው መሐል 25 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ፍተሻውና የሻንጣው ጥበቃ ሲታከልበት ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ባቡሩ ግን ለንደን መሐል ካለው ሴንት ፓንክራስ ተነሥቶ ፓሪስ መሐል ወዳለው ጋር ዱ ኖር በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይገባል። በመንገዱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተውንና 50 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን ዋሻ ያቋርጣል፤ ከዚህ ውስጥ 38 ኪሎ ሜትር ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። በፈጣኑ ሐዲድ ላይ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ለመንገደኛ ትልቁ እፎይታ የብሪታንያም የፈረንሳይም የፓስፖርት ምርመራ እዚያው ለንደን ከመሳፈርዎ በፊት የሚያልቅ መሆኑ ነው፤ ፓሪስ ሲደርሱ ከባቡሩ ወርደው በቀጥታ ወደ ከተማው ይወጣሉ። ስለዚህ ከመነሻው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድመው በጣቢያው ይገኙ፤ በሩ ባቡሩ ከመነሣቱ ቀደም ብሎ ይዘጋል።

በባቡር ትኬቱም ላይ የተጻፈው ሰዓት የየከተማው በመሆኑ መሄጃው 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ መመለሻው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መስሎ ይታይዎታል፤ ለቱሉ ዲምቱው አንባቢያችን በሰጠነው ስሌት ያስተካክሉት። ፈረንሳይ የሼንገን አባል ስለሆነች የብሪታንያው ቪዛዎ ለፓሪስ አያገለግልም። የሼንገን ቪዛውን ከኢትዮጵያ ሳይነሡ ይጠይቁ፤ ተመልሰው ለንደን ስለሚገቡም የብሪታንያው ቪዛዎ ወጥቶ መመለስን የሚፈቅድ መሆኑን ያረጋግጡ። የባቡር ትኬት ቀኑ በቀረበ ቁጥር ዋጋው ስለሚወደድ ቪዛው እጅዎ እንደገባ ወዲያውኑ ቢቆርጡት ይጠቀማሉ።